ጽሑፋችን እንዲነበብ ምን እናድርግ?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው እውነት ነው። ነገር ግን የተጻፈ ሁሉ ይወረሳልን? ተጽፎ ያልተነበበ፣ ተነቦ ያልገባ፣ ገብቶም ልብ ያልነካ ጽሑፍ በየመዝገብ ቤቱና በየተማሪው ደብተር ውስጥ ስንት ነው? እንዲህ ያለው ጽሑፍ በቃል ካለው ነገር ይልቅ ፈጥኖ ይረሳል። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከራሴ ጥፋት ነው።

ገነተ ማርያም ለማስተማር በመጣሁበት በመጀመሪያው ዓመት ከተከራየሁት ቤት አጠገብ አንዲት እማሆይ ይኖሩ ነበር። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። አንድ ቀን ማታ በትሬን አንኳኩተው ገቡና «መምህር፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ አንዲት ማመልከቻ ጻፍልኝ» አሉኝ። ነገሩ የመሬት ድንበር ነበር። እኔም እንዲህ ያለ አደራ ስለ ተጣለብኝ ደስ አለኝ፤ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍሁ። ስለ ፍትሕ ክቡርነት፣ ስለ ድኾች መብት፣ ስለ እናቶች እንባ ጻፍሁ። «ከግምት ውስጥ በማስገባት»፣ «በማያሻማ ሁኔታ»፣ «ታሪክ ይቅር የማይለው» የሚሉትን ቃላት እንደ ዶቃ ደረደርኋቸው። በማግሥቱ አንብቤ ሳሰማቸው «እሰይ፣ ምን ያለ አማርኛ ነው!» ብለው መረቁኝ።

ማመልከቻው ገባ። ቀኑ ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፤ መልስ የለም። ሰኔ ደረሰ፤ ጎረቤታቸው ያንኑ ቦታ አረሰው፤ ዘራውም። አንድ ክረምት እንዲሁ አለፈባቸው። መስከረም ሲጠባ እማሆይን ይዤ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ። በዕድሜ ከእኔ የሚተካከል አንድ ወጣት ሠራተኛ መዝገቡን ፈልጎ አወጣና ማመልከቻዬን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያም ቀና ብሎ «እማሆይ፣ ለመሆኑ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

እርሳቸውም «ልጄ፣ ድንበሬ ከወንዙ እስከ ግራሩ ነው። ጎረቤቴ አምና ግራሩን አልፎ አረሰ፤ ዘንድሮም ደገመው። ሰው ልካችሁ እዩልኝ» አሉት።

ሠራተኛው ያሉትን እንዳሉት ጻፈው። ከአራት መስመር አላለፈም። ወደ እኔም ዞር ብሎ «መጀመሪያ እንዲህ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ ለሚመለከተው ክፍል እንመራው ነበር። ይህኛው ግን አቤቱታ ይሁን ንግግር ሳይለይለት ቀረ» አለኝ። የተናገረው በጨዋነት ነበር፤ ፊቴ ግን ፍም መሰለ። ዐሥራ ስድስት ዓመት የተማርሁት ሰው በሁለት ገጽ ያልተናገርሁትን፣ ፊደል ያልቆጠሩት እማሆይ በሦስት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። የእኔን ያማረ አማርኛ ዋጋ የከፈሉት ግን እርሳቸው ናቸው፤ የአንድ ክረምት እህል ነበርና።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሳልተወው ቆይቻለሁ። ይኸውም፣ ሰው አፉን ሲከፍት የሚናገረውን ነገር ብዕር ሲይዝ ስለ ምን ያጣዋል? የሚል ነው። ለተማሪውም ሆነ ለጀማሪው የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ተማሪው የሚመዘነው በሚጽፈው ነው። ሠራተኛውም በሚጽፈው ደብዳቤ የሰው ጉዳይ ይፈጸማል፤ ወይም ይጉላላል።

ክፉው ልማድ ከየት መጣ?

ጥፋቱ የሚጀምረው ከእኛ ከመምህራን ይመስለኛል። ተማሪው «ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው» ብሎ ድርሰቱን ሲጀምር በቀይ ብዕር «ጎበዝ» እንላለን። «አያቴ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ሲወስደኝ ጫማውን አውልቆ ደጅ ላይ ቆመ» ብሎ ቢጀምር ግን «ከርእሱ ወጥቷል» ለማለት እንቸኩላለን። ልጁም ብልህ ነውና ቶሎ ይማራል፤ ያየውን ትቶ የሰማውን፣ የሚያውቀውን ትቶ የሚከበረውን መጻፍ ይለምዳል።

ይኸው ልጅ አድጎ ሥራ ሲይዝ ደግሞ ሁለተኛው ልማድ ይጠብቀዋል። አዲስ ሠራተኛ ደብዳቤ እንዲጽፍ ሲታዘዝ የሚያደርገው ምንድን ነው? ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን የዓምናውን ደብዳቤ ከፍቶ ስሙንና ቀኑን ይለውጣል። የዓምናው ከካቻምናው የተቀዳ ነው። እንዲህ ሲቀዳ ሲቀዳ የመጣ «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደ ተሞከረው» የሚል ሐረግ ማን እንደ ጀመረው የሚያውቅ የለም። ርእሱ ከላይ ተጽፏል፤ ታዲያ «ለመግለጽ ተሞከረ» ማለት ምን ማለት ነው? ተሞክሮ ከሸፈ ማለት ነውን?

አያቶቻችን ግን እንዲህ አልነበሩም። ብራና ማዘጋጀት ምን ያህል ድካም እንዳለበት በላስታ ያደገ ሰው ያውቀዋል። የፍየሉ ቆዳ ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፤ ከዚያም በኋላ በወስፌ ይሰመራል። ጸሐፊው መቃ ብዕሩን ከቀለሙ አጥቅሶ ፊደሉን አንድ በአንድ ያስቀምጣል፤ ከተሳሳተ በስለት ይፍቃል። አንድ መጽሐፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ይፈጃል። ይህን ሁሉ ዋጋ የሚከፍል ሰው ቦታ የሚይዝ እንጂ ትርጉም የማይሰጥ ቃል ለመጻፍ እጁ አይፈታለትም። ዛሬ ወረቀቱ ረከሰ፤ ኮምፒዩተሩም የፈለጉትን ያህል ይቀበላል። ጉዳቱ ግን በአንባቢው ጊዜ ላይ ወደቀ። ጊዜ ደግሞ እንደ ብራና ተፍቆ ሁለተኛ አይጻፍበትም።

የገነተ ማርያም ትምህርት

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ የምትገኝ፣ ከአንድ አለት ተፈልፍላ የወጣች ናት። ዙሪያዋን አራት ማዕዘን የሆኑ ዓምዶች ከበዋታል። ያሠራት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1270 እስከ 1285 የነገሠው ዐፄ ይኩኖ አምላክ ነው። በውስጧ ግድግዳ ላይ የንጉሡ ሥዕል አለ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠራ እርሱ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍም ከሥዕሉ ጋር ይገኛል። የቅዱሳኑም ሥዕል እንዲሁ ስማቸው በአጠገባቸው ተጽፎበታል። እነሆ፣ ከ700 ዓመት በኋላ ማን ማን እንደ ሆነ የምናውቀው አንድ ሰው በዚያን ጊዜ በጥቂት ቃላት ስለ ጻፈልን ነው።

ከጉብኝቱ በኋላ «ያያችሁትን ጻፉ» ብዬ አዘዝሁ። ከሃምሳ በላይ ወረቀት ተሰበሰበ። ከግማሽ የሚበልጠው የጀመረው «ሀገራችን ኢትዮጵያ የረጅም ዘመን ታሪክ ባለቤት ናት» ብሎ ነው። የቀረውም «እጅግ አስደናቂና ውብ የሆነ ቅርስ» ይላል። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ወደ ገነተ ማርያም ሳይሄዱ፣ ቤት ተቀምጠው ሊጽፉት የሚችሉት ነው።

በመካከሉ የአንድ ልጅ ወረቀት አገኘሁ። ከሩቅ የገጠር ቀበሌ የሚመጣ፣ በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው። ፊደሉ ይሳሳታል፤ ነጥቡም ቦታውን ይስታል። የጻፈው ግን ይህ ነው፤ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ የአለቱ ብርድ ከእግሩ እንደ ጀመረው፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ ሲያሳርፍ መሮ ያረፈበትን ቦታ በጣቱ እንደ ዳሰሰው፣ አባቱም የቤታቸውን መሠረት ሲቆፍር አንዲት ድንጋይ ለማውጣት ሦስት ቀን እንደ ፈጀባት ትዝ እንዳለው ይናገራል። መጨረሻው ላይም አንድ ጥያቄ አስቀመጠ፤ ተፈልፍሎ የወጣው ድንጋይ ሁሉ የት ገባ?

ይህን ወረቀት ለክፍሉ ሳነበው ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾኩት እንኳ ዝም አሉ። ከዚያም ክርክር ተነሣ። አንዱ ለአጥር ውሏል አለ፤ ሌላው ወደ ገደል ተጥሏል አለ፤ ሌላዋ ደግሞ ለቤት መሥሪያ ተወስዷል አለች። የደወል ሰዓት ደርሶ እንኳ መከራከሩን አልተዉም። የሚነበብ ጽሑፍ ማለት ይህ ነው። ልጁ ያደረገው ምንድን ነው? ታላላቅ ቃላትን አልጠራም። በእጁ የዳሰሰውን ጻፈ፤ ከሚያውቀው ነገር ጋር አስተያየው፤ በእውነት የማያውቀውን ጠየቀ። ስለዚህም አንባቢው አብሮት ጉድጓዱን ወረደ።

የልጁ ጥያቄ ለእኔ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየኝ። ሌላው ቤት የሚሠራው በመጨመር ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ጭቃ በጭቃ ላይ። ከአለት የሚወጣ ቤት ግን የሚሠራው በመቀነስ ነው። ጠራቢዎቹ ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ቤት ያልሆነውን ሁሉ እያነሡ ይጥላሉ፤ የቀረው ቤት ይሆናል። ዓምዱ የሚቆምበትን ቦታ በስሕተት የቆረጠ ሰው መልሶ ሊቀጥለው አይችልም። እንግዲህ መሮውን ከማንሣቱ በፊት ቤቱን በልቡ ማየት ነበረበት።

ለጽሑፍም ሁለቱም ይሠራሉ። ብዕር ከማንሣታችን በፊት «በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዬ የምነግረው አንዱ ነገር ምንድን ነው?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ካቃተን ገና ለመጻፍ አልደረስንም። ከጻፍን በኋላ ደግሞ ቤት ያልሆነውን እናንሣ። ከጠራቢዎቹ ይልቅ እኛ ዕድለኞች ነን፤ የጣልነው ቃል አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ መልሰን ልናስገባው እንችላለን። የመጀመሪያውን አንቀጽ ከነጭራሹ ብታወጡት ጽሑፉ ይጎዳል ወይስ ይሻሻላል? ሞክሩት። ብዙ ጊዜ ይሻሻላል፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ጉሮሮ መጥረግ ነበርና።

የቅኔ ቤት ልማድ

«መጻፍ ተሰጥዖ ነው፤ እኔ አልታደልሁም» የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ለእነዚህ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ጎረቤታችን ዋድላ አለ። የዋድላ ቅኔ ከጎጃሙ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ ነው። የቅኔ ተማሪ እንደ ምን ይማራል? በሁለት ቤቱ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። እርሱን ሲያውቅ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ፣ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ማንም በመጀመሪያ ቀን መወድስ ተቀኝ አይለውም።

ደግሞም ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው ከሰው ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ጥግ ተቀምጦ ነው። ከቆጠረ በኋላ ግን ለብቻው ይዞት አይቀርም፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። መምህሩ ያርማል፤ ጓደኞቹ ይሰማሉ። ነገ ደግሞ ሌላ አዲስ ቅኔ ይዞ መምጣት አለበት፤ የትናንቱን መድገም፣ የሌላውንም ማምጣት ነውር ነው። ይህን ለዓመታት ያደረገ ሰው ባለ ቅኔ ቢሆን ምን ያስደንቃል? ተሰጥዖ የሚባለው ነገር ቢኖርም እንኳ በየቀኑ ሲቆጠር የኖረ ተሰጥዖ ነው።

ከዚህ ልማድ ሦስት ነገሮችን መውሰድ እንችላለን። አንደኛ፣ በየቀኑ ጥቂት መጻፍ። አንድ ገጽ ይበዛል የሚል በቀን አምስት መስመር ይጻፍ፤ ዛሬ በዓይኑ ካየው አንድ ነገር ብቻ። ሁለተኛ፣ ከትንሹ መጀመር። ረጅም ልብ ወለድ ለመጻፍ ከመነሣት በፊት አንድን ሰው በአንድ አንቀጽ ማሳየት ይቻል እንደ ሆነ መሞከር። ሦስተኛ፣ ለሚያርም ሰው ማሳየት። የሚያመሰግን ወዳጅ ደስ ያሰኛል፤ «እዚህ ላይ አልገባኝም» የሚል ወዳጅ ግን ያስተምራል። ማመልከቻዬን አስቀድሜ ለአንድ ሰው አሳይቼ ቢሆን ኖሮ የእማሆይ ክረምት ባልጠፋ ነበር።

ሦስት ምስክሮች

ቀላል አማርኛ የሕፃናት አማርኛ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ የሚከተሉትን ምስክሮች ይመልከት።

የመጀመሪያው በ1888 ዓ.ም. መስከረም የታወጀው የዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ነው። ስለ ጦርነት ከዚያ የበለጠ ክብደት ያለው ጽሑፍ በሀገራችን ብዙ የለም። ሆኖም አዋጁ አጭር ነው። ምን እንደ መጣ ይነግራል፤ ጉልበት ያለው ምን እንዲያደርግ፣ ጉልበት የሌለውም በምን እንዲረዳ ይነግራል፤ የሸዋው ሰው መቼና የት እንደሚገናኝ ሳይቀር፣ ወሩን ጥቅምት፣ ቦታውን የወሎዋን ወረኢሉ ብሎ ይወስናል። በገበያ ቆሞ አዋጁን የሰማ ገበሬ ቤቱ ሲደርስ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቅ ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ድሉ የጽሑፍ ድል ነው አልልም፤ ነገር ግን ጥሪው ያልገባው ሰው ለመከተት አይነሣም።

ሁለተኛው ምስክር ጳውሎስ ኞኞ ነው። መደበኛ ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም ይባላል። ነገር ግን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በተባለው ዐምዱ አንባቢው የጠየቀውን ሁሉ፣ ቀልዱንም ቁም ነገሩንም፣ በሚገባ አማርኛ እየመለሰ የብዙ ሰው መምህር ሆነ። በኋላም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያና ኢጣሊያ ጦርነት ትልልቅ መጻሕፍት ጻፈ። የእርሱ ምሥጢር አንባቢውን ማክበሩ ይመስለኛል። ጠያቂውን ከፊቱ እንደ ተቀመጠ ሰው ቆጥሮ ያነጋግረዋል። እኛ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ ከፊታችን የምናስቀምጠው አንባቢን ሳይሆን መስተዋትን ነው።

ሦስተኛው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ሰዎች ሰብለ ወንጌልን፣ በዛብህንና ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤት ዐወቋቸው። የአንባቢው ጥበብ ትልቅ ነው። ሆኖም ከወረቀት ወደ ጆሮ ሲሻገር ያልተሰናከለው መጀመሪያውኑ ለጆሮ የሚጥም ሆኖ ስለ ተጻፈ ነው። ስለዚህ የጻፋችሁትን ሁሉ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ቦታ አንባቢም የሚደናቀፍበት ነው። ትንፋሽ ያጠራችሁም ቦታ አራት ነጥብ የጎደለበት ነው።

ማሰሪያ አንቀጹን አታርቁ

እዚህ ላይ ስለ አማርኛ ጠባይ አንድ ነገር መናገር ይገባል። በቋንቋችን ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ማን ምን እንዳደረገ እርግጡን የምናውቀው ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ድረስ አንባቢው የሰማውን ሁሉ እንደ ሸክም ተሸክሞ ይጓዛል። መንገዱ አጭር ከሆነ አይከብደውም። «ስለ ሆነ»፣ «በመሆኑም»፣ «እንደ መሆኑ መጠን» እያልን ዳገት በዳገት ላይ ስንጨምርበት ግን ሸክሙን ጥሎ ይሄዳል። ለምሳሌ ይህን ደብዳቤ እንመልከት።

«በጽሕፈት ቤታችን ሥር ለሚገኙ የሥራ ክፍሎች አገልግሎት የሚውል የጽሕፈት መሣሪያ አቅርቦት እጥረት በመኖሩ ምክንያት በዕለት ተዕለት የሥራ አፈጻጸማችን ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ እያሳደረ የሚገኝ መሆኑ ታውቆ አስፈላጊው ትብብር ይደረግልን ዘንድ በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ይህን የጻፈ ሰው የፈለገው ምንድን ነው? እንዲህ ቢጽፈውስ?

«ወረቀት ካለቀብን ሁለት ሳምንት ሆነን። ባለ ጉዳዮች የሚጠይቁትን ማስረጃ ጽፈን መስጠት አልቻልንም። እስከ ዓርብ ድረስ 10 እሽግ ወረቀት እንዲላክልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ሁለተኛው ክብር አልጎደለውም፤ ትሕትናውም አለ። የተለወጠው ነገር «የጽሕፈት መሣሪያ አቅርቦት እጥረት» የሚለው «ወረቀት አለቀ» መሆኑ፣ «አሉታዊ ተጽዕኖ» የሚለው በደጅ የቆሙ ባለ ጉዳዮች መሆናቸው፣ «አስፈላጊው ትብብር» የሚለውም 10 እሽግ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን የተቀበለ አለቃ ከጠረጴዛው ጥግ ያኖረዋል። ሁለተኛውን የተቀበለ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ይጠራል።

ሌላው በሽታ ግሡን በስም መደበቅ ነው። «የማስተማር ሥራ አከናወነ» አንበል፤ አስተማረ። «ውይይት ተካሄደ» አንበል፤ እነማን ተወያዩ? በ«ተካሄደ» ውስጥ ሰው የለም፤ ሰው በሌለበት ደግሞ ተጠያቂም የለም፤ ታሪክም የለም። ባዕድ ቃልም ቢሆን ለነገሩ የተለመደ ስም ከሆነ ምንም አይደለም፤ ኮምፒዩተርን ኮምፒዩተር እንላለን። ነገር ግን «ችግር» ማለት እየቻልን «ኢሹ» ማለት አንባቢያችንን ከደጅ ማቆም ነው።

በዚህ ጉዳይ ጠለቅ ብሎ መማር የሚፈልግ ሰው በ1977 ዓ.ም. የታተመውን የዳኛቸው ወርቁን «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» ፈልጎ ያንብብ። «አደፍርስ» የተባለውን ልብ ወለድ የደረሰ፣ በእንግሊዝኛም የጻፈ ሰው ነውና የሚናገረው ከሥራው ነው።

ጽሑፍና እውነት

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ግን የእጅ ሥራ ነው። ከእጅ በላይ አንድ ነገር አለ። ጽሑፍ የሚጥመው ጸሐፊው እውነት ብሎ የያዘውን ሲናገር ነው። አንባቢ የዋህ አይደለም፤ ጸሐፊው ራሱ ያላመነበትን ነገር ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ያሸተዋል።

እውነት ዋጋ እንደሚያስከፍል የበዓሉ ግርማን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በመነን መጽሔት፣ በአዲስ ዘመንም አዘጋጅነት የሠራው ይህ ደራሲ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያሳትም መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም ከሥራው ወጣ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን ዛሬም ይነበባል። ከእያንዳንዱ ተማሪና ሠራተኛ እንዲህ ያለ መሥዋዕትነት የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ጥቂት ነው፤ ያላየነውን አየን አለማለት፣ ያልተደረገውን ተደረገ ብሎ በሪፖርት አለመጻፍ፣ «ሁሉም በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ከማለት በፊት ሄዶ ማየት። ይህ ጥቂቱ ነገር በሁሉም ወረቀት ላይ ቢኖር የየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ራሱ የሚነበብ መጽሐፍ በሆነ ነበር።

የእማሆይ ደብዳቤ

አንባቢ ሆይ፣ የእማሆይን ነገር እንዴት ሆነ ሳትል አትቀርም። ባለ ሙያዎች መጥተው ድንበሩን ለኩ፤ ግራሩም ድንበር ሆኖ ጸና። ያለፈውን ክረምት እህል ግን የሚመልሰው አልተገኘም። እማሆይ በዚህ አልተቀየሙኝም፤ ይልቁንም ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛ አደራ ይዘው መጡ። አዲስ አበባ ለሚኖረው ልጃቸው ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ነበር። «ስልክ አለ አይደለም ወይ?» ብላቸው «በስልክ የተናገርሁት ወዲያው ይጠፋል፤ ወረቀቱን ግን ያስቀምጠዋል» አሉኝ። በአንድ ንግግር የጽሑፍን ጥቅም ጠቀለሉት።

እርሳቸው ተናገሩ፤ እኔም ጻፍሁ። ላሚቱ እንደ ወለደች፣ የጓሮው ጌሾ እንደ ደረሰ፣ ጉልበታቸው ዳገት እንደ ከለከላቸው ጻፍሁ። መጨረሻው ላይ ግን አሮጌው ልማዴ አሸነፈኝ፤ ሳይነግሩኝ አንድ ነገር ጨመርሁ። አንብቤ ሳሰማቸው እዚያ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ምን አልህ? እስቲ ድገመው።»

«‹በናፍቆት ባሕር ውስጥ ሰጥሜ እገኛለሁ› ነው ያልሁት።»

«መምህር፣ እኔ ባሕር የት አውቃለሁ? ልጄ ይህን ሲሰማ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስለዋል። ‹ማታ በሩን ስዘጋ አንተን እያሰብሁ ነው› በልልኝ።»

ሰረዝሁት፤ ያሉትንም ጻፍሁ። ደብዳቤውን አጥፈው ከመቀነታቸው ሥር አኖሩትና በማግሥቱ ማለዳ ወደ ላሊበላ ለሚሄድ መንገደኛ ሰጡት።